ሕጉ ይጠብቃችኋል

ክረምት ነበር። አሶሳ ላይ ዝናቡ የሆቴሉን ቆርቆሮ እየደበደበው ድምፅ ማጉያው እንኳ አልሰማ ብሏል። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ፕሮቴክሽን» የሚል ቃል አብርቷል፤ ከሥሩ እኔ የተረጎምኩት «ጥበቃ» አለ። አዳራሹ ውስጥ ሼሆች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ ከካምፕ የመጡ የሱዳን ስደተኞች ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ሁሉንም ባንድ አፍ ሊያጽናና ፈልጎ «አይዟችሁ፣ ሕጉ ይጠብቃችኋል» አለ። አጠገቡ የቆመው ወጣት አስተርጓሚ ወደ አረብኛ መለሰው። ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ግማሽ አዳራሽ ሳቀ፣ አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉ?» አለ አሠልጣኙ።

«‹እኛም ስንጠብቀው ነው የኖርነው፤ የት ጋ ቆሞ ነው እሚጠብቀን?› ነው እሚሉት።»

አረብኛ ላይ መጠበቅ ሁለት ነው። አንዱ ሒማያ ነው፣ ከጉዳት መከለል። ሌላው ኢንቲዛር ነው፣ የሚመጣው እስኪመጣ መቆየት። ልጁ በጥድፊያ ሁለተኛውን አነሳ። ሕጉ እናንተን በመጠባበቅ ላይ ነው እንደማለት ሆነ፤ እናትየው ደግሞ የሰሙትን ነው የመለሱት።

ለሻይ ስንወጣ አሠልጣኙ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አየህ፣ ችግሩ ቋንቋው ነው። አማርኛ ለፕሮቴክሽን የሚሆን ቃል የለውም። ዝም ብለን ፕሮቴክሽን እንበለው» አለኝ። ሳምቡሳዬን እያኘክሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ተርጓሚ ነኝ፣ የሚከፈለኝ በገጽ ነው፣ አሠልጣኝ አልከራከርም። ከዚያ ወዲህ ግን ይህችን አባባል በየስብሰባው ስሰማት ከረምሁ። የተማሩ ሰዎች ይሏታል፣ አማርኛ የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ ይሏታል። እና አሁን፣ ሳምቡሳ አፌ ውስጥ በሌለበት ሰዓት፣ መልሴን ልስጥ። ሐሰት ነው። ቃሉ አለን፣ ከእንግሊዝኛውም የሚሻል ቃል ነው፤ እኛ ነን ባለቤቱን ቆርጠን የጣልነው።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። እናት ልጇን ትጠብቃለች። እንግዳ በራፍ ላይ ይጠብቃል። ዳኛው «ከባድ ቅጣት ይጠብቅሃል» ይላል፣ ያኔ ቃሉ ማስፈራሪያ ነው። ስለዚህ «ሕጉ ይጠብቃችኋል» የሚለውን የሰማ ሰው ሕጉ ይከልላችኋል፣ ሕጉ እስክትመጡ ቆሞላችኋል፣ ወይም ሕጉ ዱላውን ይዞ አድፍጦላችኋል ብሎ ቢረዳው ሦስቱም ያስኬዳል። ጽሑፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ይጨመራል፦ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «ሕጉ ይጠብቃል» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ሰው ሕጉ እንደ ገመድ ሊከር ነው ብሎ ይረዳዋል። (ይህን ቃል በትክክል ለማንበብ መጀመሪያ ፊደሉ ይጠብቃል ወይስ ይላላል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰዋስው መምህራን ሳይስቁ ያወጡት አይመስለኝም።)

አሠልጣኙ ቢሆን «ይኸው፣ ድህነት ማለት ይሄ ነው፤ አንድ ቃል ለአራት ነገር» ይል ነበር። እሱ የሚኮራበት እንግሊዝኛ ግን እዚያው መንገድ ላይ ሲሄድ የነበረ ነው። ዛሬ «ቆይ፣ ጠብቅ» ለማለት የሚያገለግለው «ዌይት» የሚለው ቃል ከጥንት ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ነቅቶ ማየት፣ ማድፈጥ፣ ዘብ መቆም ነበር። «ዋች» ለሚለው ቃል ዘመዱ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ከተሞችን ሌሊት ሌሊት የሚጠብቁ ዘቦች «ዌይትስ» ይባሉ ነበር። ከዘመን ብዛት ነቅቶ ማየቱ ረገፈና መቆየቱ ብቻ ቀረ። አያስገርምም፤ ዘብ የቆመ ሰው ሥራው ምንድነው? አብዛኛው መቆየት ነው። አማርኛ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ የቀጠለው ነገሩ በእርግጥም አንድ ስለሆነ ነው። የምትጠብቀውን ነገር አጠገብህ ሆነህ ነው የምትጠብቀው። ሄደህ፣ ከሩቅ ሆነህ፣ በሪፖርት አትጠብቅም።

ፕሮቴክሽን ራሱስ? ከላቲን ነው፤ «ፕሮ» ከፊት ማለት ነው፣ «ቴጌሬ» ደግሞ መክደን። ከፊት መክደን። ሮማውያን የጣሪያ ሸክላ የሚሉበት ቃል ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው፤ እንግሊዞች የሣር ክዳን የሚሉበት «ታች» የሚለው ቃልም የሩቅ ዘመዱ ነው። እንግዲህ ያ በአንድ ሴት ጥያቄ የተደናገጠው ትልቅ ቃል ሥሩ ሲቆፈር ክዳን ነው፤ የባምባሲ ገበሬ በየበጋው በቀርከሃና በሣር የሚሠራው ነገር። እና «ቃል የለንም» ይሉናል! ቤት ከደነ፣ ገላ ሸፈነ፣ ከለለ፣ ጋረደ፣ ጠበቀ፣ ጋሻ ሆነ፣ መከታ ሆነ፣ አስጠለለ፣ ታደገ። ጉዳዩን ችሎት ላይ ያየ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል፦ በአንድ በኩል ዓቃቤ ሕግ ይቆማል፣ በሌላ በኩል ጠበቃ። «ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው። ሁለቱም ጠባቂ ናቸው፤ አንዱ ሕጉን፣ አንዱ ሰውየውን፣ እና ፊት ለፊት ቆመው ይከራከራሉ። ሕግ የሚጠበቀውና ሰው የሚጠበቀው አንድ ላይ ላይሆን እንደሚችል ይህን ያህል በሁለት ሹመት ስም የገለጸ ቋንቋ ለፕሮቴክሽን ቃል ያንሰዋል ማለት ድፍረት ነው።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። አሶሳ ውስጥ ካሉ የእርዳታ ድርጅት ግቢዎች ወደ አንዱ ሂዱ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁሉም አንድ ናቸው። በሩ ላይ ዱላ ይዞ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። ዱሮ ዘበኛ ይባል ነበር፤ አሁን «ጥበቃ» ይባላል። «ጥበቃው የት ሄደ?» «ጥበቃውን ጥራው።» ግቢው ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ፣ «ፕሮቴክሽን ኦፊሰር» ይባላል። ቅጥር ውላቸውን ሁለቱንም ተርጉሜያለሁ። በአማርኛ ሁለቱም ጥበቃ ናቸው። ደመወዛቸውን አልናገርም፤ አንዱ በሁለት ዓመት ደመወዙ የሚያገኘውን ሌላው በወር ያገኛል ብል ብዙ አልሳሳትም። ዱላ የያዘው ሌሊት ሌባ ቢገባ ማን ይጠየቃል? እሱ ራሱ። በስሙ ይጠየቃል፣ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ይባረራል። ኮምፒውተር የያዘው «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች» ቢዘረፉ፣ ቢሰደዱ፣ ቢገደሉ ማን ይጠየቃል? ሪፖርቱ ላይ «ክፍተቶች ተስተውለዋል» ተብሎ ይጻፋል። የሰውየውን ክፋት እያወራሁ አይደለም። ብዙዎቹ የተከበሩ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ናቸው። እያወራሁ ያለሁት ስለ ግሡ ነው።

አማርኛ ግሥ ጨካኝ ነው። «ጠበቀኝ» ብል በአንዲት ቃል ውስጥ ጠባቂም ተጠባቂም አለ። «ጠበቁን» ብንል እነማን እንደሆኑ ሰሚው ይጠይቃል። ግሡ ባለቤትና ተሳቢ ሳይይዝ አይንቀሳቀስም። ከዚህም ያልፋል፤ «ጠበቀልኝ» እና «ጠበቀብኝ» ይላል። «ል» እና «ብ»፣ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ዓለም። ቀርከሃውን እንውሰድ። የአገሪቱ የቆላ ቀርከሃ አብዛኛው ያለው እዚህ ክልል ነው። በርታውም ጉሙዙም ቤቱን ይሠራበታል፣ አጥሩን ያጥርበታል፣ ክረምት ላይ ቡቃያውን ቀቅሎ ይበላዋል። ቦርድ ተክሎ «ጥብቅ ደን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይመጣል። ለማን ነው የተጠበቀው? ለመንደሩ ከሆነ ጠበቁልን ይባላል። ቡቃያ ልትቆርጥ የሄደች ሴት እየታሰረች፣ ወዲያ ማዶ ላይ ለሰፋፊ እርሻ ተሰጥቶ ጫካው በዶዘር የሚገፈተር ከሆነ ጠበቁብን ይባላል። ቦርዱ ላይ ግን «ጥብቅ» ብቻ ነው ያለው። «ል»ም የለው፣ «ብ»ም የለው። መንደሩ ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ቢሮው ታዲያ ይህን ግሥ ምን አደረገው? ስም አደረገው። «ጥበቃ ይደረጋል።» ማን ነው የሚያደርገው? ይደረጋል። ለማን? ለሚመለከታቸው። ከማን? ከአደጋ። በእንግሊዝኛው ላይ ባለቤቱን የሚደብቅ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እኔና የሙያ ጓደኞቼ እንዳለ አምጥተን አማርኛው ላይ ተከልነው። በ1995 የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የክልሉ ባለቤት ብሔር ብሔረሰቦች እነማን እንደሆኑ በስም ይጠራል፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ። ሌሎቹ ነዋሪዎች መኖራቸው ታውቆላቸዋል። ስለ ባለቤትነት ብዙ ደም ፈሷል፣ ብዙ ተብሏል። የጥበቃው ባለቤት ማን እንደሆነ እንዲህ በስም የሚጠራ ሰነድ ግን እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አልመጣም።

ግሥ ይህን ያህል ያደርሳል ወይ የሚል ካለ ውጫሌን ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል የሚል ነበር። የኢጣልያንኛው ይቻላቸዋልን አያውቅም፤ ተስማምተዋል ይላል። በዚያች ግሥ ላይ ቆማ ኢጣልያ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። የአውሮፓ ቋንቋ «ፕሮቴክቶሬት» ይለዋል፤ ያው ክዳን ነው፣ ከላይ የሚጫን ክዳን። የእኛ ሰው ግን ቃሉ ጥሩ ስለሆነ አልተታለለም። ማን ማንን ከማን ነው የሚጠብቀው ብሎ ጠየቀ፣ መልሱም የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ተሰጠ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየዓመቱ እንሸልልበታለን። እኛ አሶሳ ያለነው ግን አንዲት ገጽ ገልጠን እንቀጥላለን። ከአድዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1890፣ የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉል ገባ። የአሶሳ፣ የኾሞሻና የቤኒሻንጉል ሼሆች ገበሩ፤ ግብሩ ወርቅ ነበር፣ ሰውም ነበር። ከሱዳን በኩል ከሚመጣ ወራሪ ጠበቁን የሚል አለ። ጠበቁብን የሚልም አለ። ሁለቱም አያቱ የነገረውን ነው የሚናገረው። «አካባቢው በማዕከላዊ መንግሥት ጥበቃ ሥር ገባ» ብሎ የሚጽፍ የታሪክ መጽሐፍ ግን ለሁለቱም አልተናገረም።

የሩቁን ትተን የቅርቡን እንናገር፤ ይሄኛው ከባድ ነው። መስከረም 2013 ላይ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በታላቁ የሕዳሴ ግድብ አናት ላይ ማንኛውም በረራ እንዳይደረግ ከለከለ። ለግድቡ ደኅንነት ሲባል። እሰየው፤ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ግድቡ የእኔም ነው። ጉባ መተከል ዞን ውስጥ ነው። ያው መተከል ውስጥ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ ታጣቂዎች ገብተው ቤት አቃጠሉ፣ ሰው ገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ከነዋሪዎች ጋር ተነጋግረው በተመለሱ ማግስት ነው። የሟቾቹ ቁጥር ከ100 በላይ እንደሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያን ጊዜ አስታወቀ፤ ጥቃቱ ሲፈጸም በአካባቢው ፖሊስም ሆነ የጸጥታ ኃይል እንዳልነበረም ተናገረ። የሞቱት ከየትኛው ብሔር ናቸው፣ የገደሉት ከየትኛው ናቸው ብሎ መቁጠር የጀመረ አንባቢ ካለ ይተወው፤ መተከል ውስጥ በእነዚያ ዓመታት ጉሙዝም አማራም ሺናሻም ኦሮሞም አገውም ቀብሯል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰማዩ የተጠበቀበት ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነበረው፤ ከልካዩ መሥሪያ ቤት በስሙ ታውቋል፣ የተከለከለው ታውቋል፣ ቦታው ታውቋል። ስለዚህም ተጠበቀ። የበኩጂ ሰው ግን «የነዋሪው ደኅንነት ይጠበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው የነበረው። ማን? ይጠበቃል። እነሱም ጠበቁ።

(«የጸጥታ ኃይል» የምንለውንም ልብ በሉ። እንግሊዝኛው «ሴኩሪቲ» ከላቲን ሥሩ ያለ ጭንቀት መሆን ማለት ነው። እኛ ጸጥታ አልነው፣ ዝምታ። ሬሳ የተሞላ መንደርም ጸጥ ይላል።)

ስደተኞቹም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። ሸርቆሌ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ ነው፤ እዚያ ተወልዶ እዚያ የወለደ ሰው አለ። ጥበቃ ሥር ነው ይባላል፤ ሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ነው። ጥር 10 ቀን 2014፣ የከተራ ዕለት፣ ማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ውስጥ ቶንጎ ካምፕ አጠገብ ውጊያ ተነሣ፤ ካምፑ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። እዚያው ወረዳ ካለው ጉሬ ሸምቦላ ካምፕ የእርዳታ ሠራተኞቹ ቀደም ብለው፣ በታኅሣሥ፣ ለቀው ወጥተው ነበር። ከሁለቱ ካምፖች ከ20,000 በላይ ሰው ወደ ጾሬ አቅጣጫ ተነቀለ፤ ብዙው በእግሩ። ከጦርነት ሸሽቶ ጥበቃ የጠየቀ ሰው ከጥበቃው ደግሞ ሸሸ። አሠልጣኙ ፊት «የት ጋ ቆሞ ነው እሚጠብቀን?» ያሉት እናት ቀልደኛ መስለውት ከሆነ፣ ያን መንገድ ስንት ሰው እንደሄደበት አያውቅም ማለት ነው።

ለእኔ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ጓደኞቼ ቡና ላይ አንሥተውታል። «ሕግ ስም ይፈልጋል፤ በግሥ ብቻ ውል አይጻፍም፤ ፕሮቴክሽን ዓለም የተስማማበት ጽንሰ ሐሳብ ነው» ይላሉ። ጥሩ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት እንክፈተው። ከዚያ ሁሉ አንቀጽ ውስጥ ሰውን በእውነት ያዳነው የቱ ነው? አንቀጽ 33 ነው። እሱ ምን ይላል? ማንኛውም ተዋዋይ መንግሥት ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር አያባርርም፣ አይመልስም ነው ነገሩ። ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ ተሳቢው ስደተኛው ነው፣ ግሡ አይመልስም ነው። ሚሊዮኖች የተረፉት በዚያ ግሥ ነው። ኩርሙክ ላይ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው የሚቆምበት መሬትም እሱ ነው። ስሙ ከላይ ርዕስ ላይ ይቀመጥ፣ አልጣላም፤ ከሥሩ ግን ሰው ያለበት ግሥ ይምጣ።

ሌሎቹ ደግሞ የቃል ነጋዴዎች ናቸው። «ጥበቃ አሻሚ ነው፣ ከለላ እንበለው» ይላሉ። ከለላ መልካም ቃል ነው፤ ግን የማን ወንድም እንደሆነ አይተውታል? ከለለ ብለህ ከለላ ትላለህ፣ ከዚያው ከለለ ክልል ትላለህ። አጥር ያጠርክለት ሰው ከውስጥ ሲሆን ከለላ ነው፣ ከውጭ የቀረው ክልሉን ነው የሚያየው። አሁንም ማን ከውስጥ፣ ማን ከውጭ ብለህ ካልተናገርክ ቃል መቀየር የበር ቀለም መቀየር ነው።

በቅርቡ አንድ ሰነድ መጣልኝ። ሠላሳ ምናምን ገጽ ነው፣ የዚሁ ክልል ጉዳይ ነው። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ለተመላሾች ጥበቃ እንደሚደረግ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጠርዙ ላይ ጥያቄ ጻፍሁ፦ «ጥበቃውን የሚያደርገው ማን ነው? የወረዳው ፖሊስ ነው? መከላከያ ነው? ድርጅቱ ነው? አማርኛው ግሥ ባለቤት ስለሚፈልግ ይገለጽልኝ።» ሁለት ቀን ቆይቶ መልስ መጣ። አንድ ስም ከተጻፈ ቃል መግባት ስለሚሆን፣ ቃል መግባት ደግሞ የሁሉንም ባለድርሻ ፊርማ ስለሚጠይቅ፣ እንዳለ ይተርጎም ይላል። በትሕትና ነው የተጻፈው።

እንዳለ ተረጎምሁት። «ጥበቃ ይደረጋል።» ገጹን ሁለት ጊዜ ስለሠራሁት የሁለት ገጽ ክፍያ ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። ክፍያውን እየጠበቅሁ ነው።